ሁለት መርፌ

ያወቀው ጉንዳን ነው፥ ከእኔም ቀድሞ፣
ደጃፌ ላይ፥ ሽንቷ ዙሪያ ተሰልፎ ቆሞ።
ዳማ ትበላለች፥ ደግማም ትለምናለች፣
ለካውያ ያኖርኩትን ውሃ ከጣሳው ትጨርሳለች፤
ወገቧ ግን፥ ሰፊ እንዳጠበበው ቀሚስ፣
በየሳምንቱ ሲያንስ፥ ሲያንስ።

ቅዳሜ፥ ቡሬ ገበያ፥ ከየዝና የቅቤ ሚዛን
አስቀመጥኳት፤ ሦስት ኪሎ አልሞላችም።
«በስንት ትሸጣት?» ብላ ሳቀች የዝና፤
ለእኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

የከብት ክሊኒኩ ደጅ፥ የሚያነክስ በቅሎ፥ ሆዱ የተነፋ በሬ።
ሰዎቹ ቅርጫቴን አዩ።
«ዶሮ ናት?» አሉኝ። «ድመት» ስል፥ ተያዩ።

ዶክተር እንዳላማው ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ፈልጎ፣
ከጤና ጣቢያ በተዋሰው መለኪያ ለክቶ፣
«አራት መቶ ስልሳ» አለ፥ ዓይኑን ከዓይኔ ሸሽጎ።
«ስኳር ነው። እንደ ሰው ስኳር።
አንብቤዋለሁ እንጂ አክሜው አላውቅም፤ ምን ይሁን ልዋሽህ ነበር?
ሁለት መርፌ አለ።
አንደኛው አንዴ ነው፤ አይደገምም።
ሁለተኛው ጧትና ማታ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቷ አይቆምም፤
ይቆምም ይሆናል፤ አንዳንዷ ትድናለች ይላሉ፥ እኔ ግን አላየሁም።»

«ብዙው ሰውስ?» አልኩት።
እጁን ታጠበ። ፎጣ ፈለገ፥ አጣ።
«ብዙው ሰው የመጀመሪያውን ይላል፥ በዚያው ዕለት፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ።
በሽታው ገና ሳይነካት፥ ሰዉ ይቸኩላል» አለ፥ እጁ እንደራሰ ሲወጣ።

አርባ ዓመት መርፌ ይዤ ኖርኩ፤
ለሙሽራ ሰፋሁ፥ ለሟችም ሰፋሁ፤
መቀስ ነው የሚቆርጥ፥ መርፌማ ይቀጥላል እያልኩ።
ዘንድሮ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ክር የሚያስገባልኝ የጎረቤት ልጅ ሆኗል።

ዳማን በቅርጫቷ ይዤ ተመለስኩ፥ ምንም ሳልቆርጥ።

እሜት ጥሩዬ ሰምተው መጡ፥ ነጠላቸውን እያጣፉ፦
«ሰው መድኃኒት አጥቶ፥ አንተ ለድመት?»
የወንድማቸውን እግር የወሰደው ይኸው ስኳር ነው።
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።
በማግስቱ ግን እኒያው ሴትዮ
ከደፌ ጎን ቁጭ ብለው፥ የሚንቀጠቀጠውን እጄን ይዘው፣
«ቆዳዋን እንዲህ ቆንጥጥ፥ አትፍራ፥ አንተ ሰፊ» አሉኝ፤
«ለወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ወግቻለሁ።»

ብልቃጡ በአስረበብ ግሮሰሪ፥ ከቢራው ጎን ይተኛል፤
መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ አብሮ ይጠፋል።
የወር ዋጋው ስድስት ሱሪ ማሳጠር፤
ሰባተኛው ለእኔ ሽሮ፥ ስምንተኛው ከመጣ፥ ለበርበሬ ይኖር።

በሁለተኛው ሳምንት፥ ሐሙስ ሌሊት፣
እግሯ ተጠላለፈ፥ ዓይኗ ፈዘዘ፥ ግድግዳውን ይዛ ወደቀች።
ለካስ ሳትበላ ወግቻታለሁ።
ማሰሮውን ዳበስኩ በጨለማ፥ ጣቴን ማር ውስጥ ነከርኩ፣
ድዷን ቀባሁ፥ ጠበቅሁ፥ ቀባሁ፥ ጠበቅሁ።
ጣፋጭ ነው የሚገድላት ያሉኝን
ጣፋጭ ሲመልሳት አየሁ።
ጎህ ሲቀድ ጣቴን ነከሰችኝ፤
ደሜን እያየሁ፥ እንደ ሞኝ፥ ሳቅ ያዘኝ።

ሰባት ወር ሆነ። ቁጥሩ ወርዷል፤
እንዳላማው «በግማሽ እንቀንስ፥ እንይ» ይላል፤
ድምፁ ውስጥ እሱም የማያምነው ነገር አለ።
ይመለስ እንደሁ አላውቅም። አልጠየቅሁም።

አሁን መኪናዬ ላይ ተኝታለች፥ የመምህሩን ሱሪ አንጥፋ፤
ነገ በጧት ይወስደዋል፤ እግሩ ገና አልታጠፈም።
ልነሳ ልቀስቅሳት እላለሁ፥
እጄን ጀርባዋ ላይ አሳርፌ።