የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አርባ አንድ

ኮዬ ፈጬ፣ ሌሊት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
እኔና ሲፈን ነን፣ በአንድ ላፕቶፕ ፀሐይ።
የተማሪው መጽሔት ነገ ማተሚያ ይገባል፤
የጋራ ወንዞች ሕግ ዛሬ ይነበባል።
ግርጌው፣ ቁጥር አርባ አንድ፣ ምንጭ የለውም ገና፤
ስንፈልግ፣ ስናስስ፣ ድንገት ቧንቧው ሳለና
ጄሪካን ይዘን ሮጥን፤
ሁለት ጠብታ፤ ቀሪው አየር።

ምድር ቤት ጋሽ ቶሌራ በርሜል ይሞላሉ፤
በርሜሉ ሲሞላ «ባልዲ፣ ድስት» ይላሉ።
«የላይኛው ተፋሰስ ግርጌ ነው እኮ እዚህ!»
ሳቀች ሲፈን፤ ወረደች፤ አንኳኳች፤
ያለ ውል፣ ያለ ዳኛ፣ ግማሽ ጄሪካን አመጣች።

እጇን ሳታደርቅ ጻፈች፦
«፵፩. ምንጭ፦ ጋሽ ቶሌራ፣ ምድር ቤት።»

ጠዋት ልንሰርዘው ነበር።
እንዳለ ታተመ።