ግራሽ ዝቅ ብሏል

ሲመጣ ሞተር አልነበረም፤
እንኳን ሰው ሊጭን፣ ራሱን ችሎ አልቆመም።
ከአሽዶድ መጣ፣ በጭነት መኪና፣ በገመድ ታስሮ፤
ተቀበለው ባሌ፣ እንደ ታመመ በሬ ቀንዱን ይዞ፣ አክብሮ።
«የረጅም መንገድ ሞተር ነው» አለኝ፣ «አገር የሚያዞር»፤
አገሩ በአንድ ቀን ነዳጅ ያልቃል፤ የቀረውን ወዴት ሊዞር?

ቅርያት ጋት፣ ከፎቃችን እግር ሥር፣ ከዓምዶቹ መሀል፣
ከሌሊት ፈረቃ መልስ የቢያድግልኝ መዶሻ ይናገራል።
ማሶዲ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ፣
«ሰው ይተኛበት!» ትላለች። ለማታ
የእናቷን የመዳብ ትሪ በፎጣ ጠቅልላ ትወርዳለች፤
«ከመክነስ የመጣ ነው፤ ጠርዙን አቅናልኝ» ትላለች።
አቀናላት። ከዚያ ወዲህ ስለ መዶሻው
የማሶዲ ጆሮ አልሰማም።

ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ በአልጋ ልብስ ይሸፍነዋል፤
ሰንበትን ለብረትም ያከብርለታል።
ቅዳሜ ሲመሽ ግን በረንዳ ላይ ቆሞ፣ መፍቻው በኪሱ፣
ሦስት ኮከብ እስኪወጣ ሰማዩን ይለማመጣል እሱ።

የነፋስ መከላከያው የአውቶቡስ ፌርማታ ግድግዳ ነበረ፤
ጥጉ ላይ የመስመር ቁጥር፣ ግማሹ ተፍቆ፣ ግማሹ ቀረ።
ሣጥኖቹ ከሁለት ልብስ ማጠቢያ ሆድ ተቆርጠው ወጡ፤
የስንቱን ቤት እድፍ ሲያዞሩ ኖረው፣ አሁን ለስንቅ ተቀመጡ።
የእግር ማሳረፊያው የአልጋ ብረት ነው፣ እኔ ከምሠራበት ከአረጋውያን ቤት፤
ሊጣል ሲል ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አልዋሽም፣ አለሁበት።
የጥርሴ ገንዘብ ግን ሰንሰለት ሆነ፣ የምድጃው ገንዘብ ጎማ፤
ተቆጣሁ። ከሱ ጋር ሳይሆን ከሞተሩ ጋር
ሳምንት ተኮራረፍን፤ እሱ እንኳ ሳይሰማ።

ቀለሙን ራሱ በጠበጠ። ሰባት ጣሳ ደፋ።
«ብረት ከእሳት ሲወጣ፣ ቅላቱ ሲጠፋ፣
ሳይጠቁር በፊት፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል የሚያሳየው ቀለም አለ፤
አባቴ ማረሻ ሲያበጅ አይቼው ነበር» አለ።
ስለ አባቱ ያን ቀን ብቻ ነው ሲያወራ የሰማሁት።
ወገራ ነው፤ ቀን ማረሻ ሊያሠራ ደጃቸው የሚሰለፍ ጎረቤት፣
ማታ ስማቸው ሲነሳ እንትፍ እንትፍ የሚልበት
አገር ነው።
ይህን አልነገረኝም፤ ይህን ከእናቱ ነው የሰማሁት።

ሦስተኛው ቅብ ሳይደርቅ ከኔጌቭ ሐምሲን ተነሳ፤
አሸዋው እንደ ዘመድ ሳይጠራ ገባ፤
የሣጥኑ ክዳን ላይ ተቀመጠ፣ ላይነሳ።
ሌላ ሰው ቢሆን ይፍቀው ነበር። እሱ በመዳፉ ዳሰሰና፣
«ይቅር፤ አገሩም እጁን ያሳርፍበት» ብሎ ተኛ፣
ጫማውን ሳይፈታ ገና።

ለቴስት አብሬው ሄድኩ፣ የብሎን ጣሳ አቅፌ።
መርማሪው ዞረው፤ ወጣት ነው፣ ያዛጋል።
«ይኼን ማን ሠራው?» «እኔ።» «ይኼንስ?» «እኔ።» «ማህተሙስ የታለ?
የፋብሪካ ቁጥር? የደረጃ ወረቀት?» «የለውም» አለ።
«እንግዲያው አያልፍም፤ ሠሪው ያልታወቀ ዕቃ።»
ሠሪው ከፊቱ ቆሟል፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ፤
ሌላ ምን ማስረጃ? በቃ።

እዚያው አጥር ሥር ተቀመጠ፤ ብሎን በብሎን ፈታ፤
ሣጥኑን፣ መስታወቱን፣ ፎጣ ላይ ደረደረ በተርታ።
ሞተሩ ራቁቱን አለፈ፣ ወረቀቱን ይዞ ወጣ፤
ባሌ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ሳይርቅ
መፍቻውን ከኪሱ አወጣ።

አንድ በአንድ አቀበልኩት። የኋላ መደገፊያው ሲቀር
ገልብጬ አየሁት።
«ይኼ ተጣሟል» አልኩት። «አልተጣመመም» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ፤
«ተኝተሽ ነው የለካሁት፣ በገመድ፣ ጀርባሽ ላይ።
ሃያ ዓመት ሽማግሌ ስታነሺ
ግራሽ ዝቅ ብሏል።»
ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ከቤርሼባ በኋላ መንገዱ ሰው አጣ።
ተደገፍኩ። ወገቤ ቦታውን አገኘ፣ ሳይቆጣ።
እጄን ሣጥኑ ላይ ጣልኩ፤ ያ አሸዋ ይሻክራል፣ መዳፌ ያገኘዋል፤
ሚጽፔ ራሞን ሰባ ኪሎ ሜትር ይላል ሰሌዳው፤ ይድረስ፣ ማን ይቸኩለዋል?
ጥርሴ ግን አሁንም ያመኛል፤
በተለይ ነፋስ ሲነካው።