ለተበላ ዘንግ

ከምድር ባቡር ጀርባ፣ ቆርቆሮው በሚግል፣
ባሮጌው ወርክሾፕ፣ መንኮራኩር ሠራን፣ በሰጎን እንቁላል አምሳል።
እኔ የቶርኖ ሰው ነኝ፤ ዘንጓን በመቶኛ ሚሊ የላግሁ፣
ስትሄድ ስትመለስ፣ ከሐዲዱ ዳር ቆሜ፣ ሰዓት የያዝሁ።
ስትነሣ አትበርም፤ ካለችበት ትጠፋለች፣ ወለሉ ላይ ክብ ቅዝቃዜ ትታ፤
የሰፈር ድመቶች ይተኙበታል፣ የድሬን ሙቀት ሽሽት፣ ጠዋት ማታ።

አብራሪዋ ነስቴሆ፣ የገንደ ቆሬ ልጅ፣
ለሙከራው ስትፈርም፣ ዘይት በነካ እጅ፣
ብዕሬን ተውሳ፣ ሳትመልስ ቀረች፤
«ስመጣ» አለች።

ለሷ ሩብ ሰዓት፣ ለኛ ሦስት ቀን ሆነ፤
መሐንዲሱ ሁሉ፣ እየሳቀ፣ ቀመሩን ዳግም አጤነ።
ቶርኖዬ ላይ ገምጣ የተወችው ዘይቱን ግን ሻግቷል፤
«አሁን እኮ ነው የገመጥሁት» አለች፤ «ምን ያህል ቸኩሏል!»
በዚያች ቃል ወደድኋት።
ከነሐስ ቁራጭ ሁለት ቀለበት ላግሁ፤ አንዱን አጠለቅሁላት።

ሁለተኛው ጉዞ፣ ለሷ አንድ ቀትር፣ ለኔ አራት ዓመት፤
ደቻቱ ሞላ፣ ድልድይ ወሰደ፣ ተመልሶ አሸዋ፣ የፍየሎች ቤት።
እናቷ አረፉ። ጀናዛ ተሸክሜ፣ ቆምሁ በሷ ፈንታ።
«እናቴስ፣ ምሳዬን አመጣች?» አለችኝ፣ ባንድ እጇ በሩን ከፍታ።

ሦስተኛው ስሌት ተሳሳተ።
ሃያ ሦስት ዓመት። መሐንዲሶቹ ጡረታ ወጡ፤ አንዱ ሳቢያን ፋርማሲ ከፈተ።
ወርክሾፑ ይዘጋ የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ቀረ፤
የከዚራ ኒም ቅርንጫፉ ተገናኘ፣ ሥሩ አስፋልት ሰበረ።
«አግባ» አሉኝ የመጋላ ሰዎች፣ ጫት ላይ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፤
«ሰማይ የወሰዳት ሴት፣ የሞተች ናት» አለ አንዱ፣ ጉንጩን እንደሞላ።
«የለም፣ ለሷ ገና ማክሰኞ ነው» አልሁት።
ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ በኪሴ ውስጥ ግን ቀለበቴን ዳሰስሁት።
ያን ሌሊት፣ ከቀዘቀዘው ክብ ላይ፣ ከድመቶቹ ጋር አደርሁ።

አንድ ሐሙስ ንጋት ጣሪያው ጮኸ። አቧራው ሲወርድ፣ አየሁ፦
እሷ ሠላሳ አንድ፣ እኔ ስልሳ ሁለት።
ልሮጥ ብል እግሬ፣ ልጠራት ብል ድምፄ፣ እምቢ አሉኝ በአንድነት።
ቀለበቴ ከከሳ ጣቴ ሾልኮ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤
አነሣችው፤ አልሰጠችኝም። ዓይኗ ሂሳብ ይሠራል፣ ከንፈሯ ዝም እንዳለ።

«ሙሜ፣ አሁን አንተ ግባ። ላንተ አንድ ቀትር ነው፤ እኔ ልጠብቅ።
ሠላሳ ዓመት ልቁጠር፤ ስትወርድ እኩያህ ሆኜ፣ በሽበቴ ልሳቅ።
ዕዳ አለብኝ።»
አልዋሽም፤ አማረኝ።
እጄን በሩ ላይ አኖርሁ፤ ብረቱ ገና ትኩስ ነበር፤ ጠራኝ።

ግን የቶርኖ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር አውቃለሁ፦
የተላገ ብረት አያድግም። ስንት ዘንግ ሲበላ አይቻለሁ።
ደህናውን ዕቃ፣ ከተበላው ልክ ላግባ ብለህ አትቆርጥም፤
ያ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ይበላሻል፣ ወደፊትም አይገጥም።
መሃሉ ቡሽ ታስገባለህ፤ ቀጭን ነሐስ፣ ክፍተቱን የሚሞላ።
ዘንጉም ይዞራል፣
እንደተበላ።

«ስጪኝ» አልኋት ቀለበቱን። ቶርኖዬን አበራሁ፤
ድሮ ዘይቱኗ ከነበረበት ጠርዝ፣ ስስ የነሐስ ቁራጭ አነሣሁ።
እሷ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ የተዋሰችውን ብዕር ከኪሷ አወጣች፤
ቀለሙ አልደረቀም። «ከሄድሁ ማግስት ጀምርልኝ» አለች፤
«ዝናብ ነበር?»
«አልነበረም» አልኋት፣ ነሐሱ እየጮኸ፤ «ሙቀት ብቻ ነበር።»