ሺህ ሠላሳ

ሂርማታ ክረምት ነው፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤
የሦስት ሰው ሰርግ ከኔ ጠረጴዛ ታግሷል።
ሙሽራዋ ስትስቅ ምስሉ ቀጥ ይላል፤
ፈገግታዋ ግማሽ ላይ ሻይ አስጠጥቶ ይውላል።

"ካርዱን ቀይር" አሉኝ። የነበረኝ በቁጥር
ዘጠኝ መቶ ሰባ፣ የሚያጓራ እንደ ወፍጮ ሞተር።
ናስሮ ሱቅ ገባሁ። ፕላስቲኩ ያልተላጠ ሣጥን፣
"ሺህ ሠላሳ" ይላል፣ ከላዩ የዘንዶ ዐይን።
ሺህ ከመቶ ይበልጣል፤ ይህን ማን ያጣዋል?
አንደኛ ክፍል ያለ በጣቱ ያወጣዋል።
አሮጌዬን ሰጠሁ፣ አራት ሺህ መረቅሁበት፣
እያፏጨሁ ገባሁ ቤት።

ያን ለት ማታ ሙሽራዋ ሳቋን ጀመረች፤
ጥርሷ ሳይታይ ነጋ።

ኢፍቱን ጠራኋት፣ የኪቶ ፉርዲሳዋን፣
መፍቻ በጸጉሯ የምትሰካዋን።
ሣጥኑን አይታ ሳቀች፤ የሷ ሳቅ አይቆምም።
"ቁጥር ነው የገዛኸው፣ ካርድ አልገዛህም።
ዐሥሩ ዘመኑ ነው፣ ትውልዱን ይናገራል፤
የጉልበቱ ነገር ከኋለኛው ያድራል።
ሠላሳው የቤቱ ማሙሽ፣ ሰባው ትከሻ ያለው፤
አዲስ ልብስ ስለለበሰ ታናሽ ታላቁን አይጥለው።
ደግሞ ከሃያው በኋላ ዐሥራ ስድስት መጣ፤
ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ፣ በዚያው ስሙ፣ አቅም ያጣ።
ያንተው ራሱ መንታ አለው፣ ስሙን የተካፈለ፤
አንዱ ፈረስ፣ አንዱ አህያ፤ ሣጥኑ ግን ምንም ያላለ።"

"ይህ ቁጥር ሳይሆን ቋጠሮ ነው" አልኩ ተናድጄ፤
"የሃምሳ ብር ካርድ ስፍቅ ሃምሳ አገኛለሁ በእጄ!"

አባቴ ከጥግ አሳለ።
ሠላሳ ዓመት መጋዘን ቡና ሲለይ የኖረ ነው።
"ጅማ አምስት" አለ፣ "ጥቁር ፍሬ የበዛው፤
ጅማ ሁለትን ግን ኪሱ የሞላ ነው የሚገዛው።
ቁጥሩ ሲወጣ የሚወርድ ዕቃ
እያየህ አድገህ፣
ጆንያውን ሳትወጋ፣ ፍሬውን ሳታፍስ፣
በላዩ በተጻፈ ትገዛለህ?"

መልስ አልነበረኝም።

ዘጠኝ መቶ ሰባዬን ፍለጋ ተመለስኩ፤
አንድ የቦሳ ልጅ ወስዶት፣ ጌም ይጫወትበታል አሉ።
ናስሮ ከንፈሩን መጠጠ።
ሌላ ሣጥን አወጣ፤ ቁጥሩን ላነብ ስል
እጄ ራሱ ሸፈነው።

ትናንት የሙሽራዋ እናት ደወሉ፦
ልጃቸው አርግዛለች፣ አምስተኛ ወሯ ነው።
"ቪዲዮው አልደረሰም?"
እኔ ጋ ገና
ፈገግ ልትል ነው።