ውኃ ያልጠጣ ብሎኬት

አስፋልቱ ካለቀ፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
የብሎኬት ቤት አለ፣ በቆርቆሮ ተጋርዶ።
እኔም እዚያው ነኝ፤
ቀን አቦካለሁ፣ ሌት እጠብቃለሁ፣
ከሲሚንቶው ጎን ባንድ ፍራሽ አድራለሁ።
ፎርማኑ ጋሽ ደጀኔ ሥራ ሲያስገቡኝ፣
ይቺን ብቻ ነበር አስረግጠው የነገሩኝ፦
«ብሎኬት ይጠጣል፣ ውኃ ነው እናቱ፣
ጠዋትና ማታ፣ እስኪሞላ ሳምንቱ።
ካላጠጣኸው
ላዩ ድንጋይ ይመስላል፤
ሰው የተደገፈው ዕለት ግን ይፈርሳል።»

በኅዳር አሥራ አንድ ፍሬሰንበት ሞተች፤
ጾሙ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው።
አራት ዓመቷ ነበር።
ሳንባ ምች ነው አሉ። ጤና ጣቢያው ኦክስጅን የለውም አሉ።
ባጃጅ እስኪገኝ ድረስ እጄ ላይ በረደች።
እናቷ አንድ ጫማዋን ይዛ ወደ ሞጆ ወረደች፤
ሌላኛው አልጋ ሥር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መሳለም ተውኩ።
ጾሙን ግን ጾምሁት፤
ከእምነት አይደለም፣ ሥጋውስ ከየት ይመጣል?
ደወል ሲደወል ሚክሰሩን አስነሣለሁ፣
ድምፅን በድምፅ ልደፍን።
«ሰው ሊሆን መጣ» ይላሉ።
መጣ እንበል። በየት በኩል?
ወደኛ የሚያመጣው መንገድ ክረምት ላይ ፈርሷል፤
ባጃጅ እንኳ እስከ ድልድዩ ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ማታ
ባለቤቱ በጉን ጭኖ መሀል ከተማ ገባ፣
ሠራተኛው ተበተነ።
ስድስት መቶ ብሎኬት ከኔ ጋር ቀረ፤
ትናንት የወጣ፣ ያልጠና፣ ውኃ የሚለምን።
ቧንቧው ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ።
ሮቶውን ብመታው እንደ ከበሮ ጮኸ፣ ባዶ።
ይሰንጠቅ አልኩ።
የሰው ግድግዳ ቢፈርስ ምን አገባኝ? የኔ ፈርሷል።

ሽታዬ አንኳኳች፤ አሸዋ የምትነፋው፣
ነጠላዋን አመሳቅላ።
«ተነሥ፣ እንሳለም» ልትል መስሎኝ መልሴን ስስል፣
«አጠጣኸው?» አለች።
«ውኃ የለም።»
«ወንዙስ?»
«ሩቅ ነው። ደሞ አንቺ ወደ ቅዳሴ አይደለሽም?»
ጄሪካኑን አነሣች።
«ቅዳሴው ያለኔም ይቀደሳል፤
ያንተ ብሎኬት ግን እስኪነጋ ይሰነጠቃል።»

ስድስት ጊዜ ወረድን፣ ስድስት ጊዜ ወጣን።
ውርጩ ጣት ይቆርጣል።
ነጠላዋን አጣጥፋ ለትከሻዋ ሸክም ማረፊያ አደረገችው፣
ጫፉ ጭቃ ነካ።
አራተኛው ላይ ይሁን አምስተኛው፣
«የኔው ቢኖር ዘንድሮ ሃያ ይሞላው ነበር» አለች፣
ትከሻ እየቀየረች።
ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ጠይቄያት አላውቅም።

ግርግም ምን ነበረ? የከብት ማደሪያ፣
ብርድ የሚገባበት፣ የነፋስ መግቢያ።
የኔን ቤት ይመስላል፤
ካልቸገረው በቀር ማንም አያድርበት።
እሱ ግን ወዶ አደረ።
ወደ ኋላ ዞሬ ባትሪውን ባበራ፣
ፈርሷል ባልኩት መንገድ ላይ
የሁለት ሰው ዱካ ነበር።

ውኃው ሲነካው ብሎኬቱ ይተነፍሳል፤
ሽ... ይላል፣ ጡት እንዳገኘ ሕፃን።
ከኅዳር ወዲህ አንዴም ያላነባሁ ሰው
እዚያ፣ ጄሪካኑን እንዳዘነበልኩ፣ አለቀስኩ።
ሽታዬ ዞር አላለችም።
«ይጠጣ» አለች፣ «ይጠጣ፤ ካልጠጣ አይጠናም።»
ብሎኬቱን ይሁን እኔን፣
እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ጎሕ ሲቀድ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፣
እንቅልፍ ያንገዳገደው፣ ጧፉን የጨረሰ።
«እንኳን አደረሰህ» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።
ያቺን ቃል እፈራ ነበር፤ አፌ ግን ቀደመኝ፦
«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

ቤት ገብቼ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አወጣሁ፣
አቧራውን ጠርጌ መስኮቱ ላይ አኖርሁ።

ሐዘኑ አልሄደም። ማታ ማታ ይመጣል፤
በር እከፍትለታለሁ፣ ይቀመጣል።
እሑድ እሑድ ግን እሳለማለሁ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣
አንዳንዴም ገባ ብዬ።
ጋሽ ደጀኔ በቀደም፣ ብሎኬቱን በጣታቸው እየመቱ፣
«አንተስ? ጠናህ?» አሉኝ።
ወደ ሰማይ አየሁ፣ ወደ እጄ አየሁ፣
«ገና ነው» አልኳቸው።