የጓሮ ካሳ

እትዬ አጥናፌ፣ በሩን አይክፈቱ፤ እዚሁ ልናገር፣
ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ፣ በሁለታችን ድንበር።

አምና ሐምሌ ላይ ድንቼ ሲጨማደድ፣
የባቄላው ጫፍ ሲጠማዘዝ እንደ አሮጌ ገመድ፣
«ዓይን ነው» አልኩ። የማን ዓይን እንደሆነ ሳይቀር ተጠራ ስሙ፤
ከእነዋሪ ወፍጮ ቤት ሰልፍ እስከ ጽዋው ማኅበር፣ ሁሉም ሰሙ።
እርስዎም ሰሙ።
ሰላምታዎን አሳጠሩ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣዎትም።

እኔማ ኮምፖስቴን አምኜ! እበት፣ አመድ፣ አፈር፣ ደግሞ ገለባ፣
እንደ አልጋ ልብስ ደራርቤ፣ ሸፍኜ፣ ነፋስ እንዳይገባ፤
መሐሉ የሰካሁትን እንጨት እየነቀልኩ በጉንጬ ስለካው፣
ትኩሳቱ ደግ ነበር፤ በሽታውን ግን እንጨት በምን አፉ ያውራው።

ዘንድሮ ልጄ ስንዱ ሁለት የዘይት ጣሳ አገኘች፣
አንዱን የመንገድ ዳር አፈር፣ አንዱን ከጉድጓዴ ዝቃ ሞላች፤
ባቄላ ቀበረችባቸው።
በሦስተኛው ሳምንት የመንገድ ዳሩ ቀጥ ብሎ ወጣ፣
የኔው እንደ ድስት ጆሮ ተቆልምሞ መጣ።

ዓይን እኮ፣ እትዬ፣ ጣሳ አይመርጥም።

ያን ሌሊት ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እበቱ የሰንጋው፤ ሰንጋው የበላው የስንዴያችን ጭድ፤
ጭዱ ገና ለምለም ሳለ መድኃኒት የጠጣ፣ ከመርጫው አፍንጫ እንደ ጉም ሲወርድ።
የጅሩ ሰንጋ ነው፣ ለፋሲካ ተሸጦ ሄዷል፤ ብሩም ቆርቆሮ ሆኗል፤
የአረሙ መድኃኒት ግን በሆዱ አልፎ፣ በትኩሳቱ አልፎ፣ ጉድጓዴ ውስጥ ቆይቷል።
ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ነበረ፣ ደቃቅ፣ የሰው አገር ቋንቋ፤ ማን አነበበው?
ሸዋንግዛው ያለ ጓንት፣ ያለ ጭምብል፣ መርጫውን በጀርባው አዘለው።
ውሃውን ቀድቼ የሞላሁለት እኔ ነኝ።

ሽማግሌ ልልክ ነበር፤ ደግሞ አፈርኩ፤ ሽማግሌስ ምን ብሎ ይጀምራል?
ስለ እበት?

አንድ ነገር ልጠይቅና እሄዳለሁ።
አምና ግንቦት፣ ሳንኳረፍ፣ ከዚሁ ጉድጓድ
ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አሸክሜ ልኬልዎት ነበር፣
«ለጌሾዎ» ብዬ።
አሁን በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ፤
ጌሾው የለም። ጉቶው ብቻ።

መቼ ቆረጡት?
ለማንስ ነገሩ?