ያንተው አፈር

ሙሄ፣ ያን ለት ማታ ስልኩ ሲቆራረጥ፣
ከዝናቡ ጋራ ቁጣህ ሲገላበጥ፣
ይህችን ብቻ ሰማሁ፦ «እርከኑን ናደና
አፈሬን ወሰደው፣ ጠብቂው ቦርከና።»

ሦስት ቀን ጠበቅሁት፤ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ
ተኝቶ ሰነበት ውሃው፣ ቀልቶ እንደ ሻይ።
በአራተኛው ሸሸ፤ የተወው ደለል ግን
እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጠው እግራችንን።
በጣቴ አሸሁት፤ የለውም አንድ ጠጠር፤
ሳንከባልለው ተመዘዘ እንደ ክር።

ጠባዩን ልንገርህ፣ የዋህ እንዳይመስልህ፦
በክረምት ስትረግጠው ጫማ የሚያስወልቅህ፤
የካቲት ደርቆ ደግሞ ስንጥቁ ሲያዛጋ
የአረቡን ጥጃ እግር ሰበረው አምና በጋ።

መስከረም ላይ ብቻ ውሃ ሲጎድልለት
ዝናብ ሳልጠብቅ ሽምብራ ጣልኩበት፤
በሆዱ የቋጠረው እርጥበት በቃና
ጤዛ እየላሰ አሸተ፣ በላነው ለገና።
ዳር ዳሩን ሽንኩርት ነው። ጫፉን፣ ሸክላ መሳዩን፣
ጡብ ሠሪዎች ወሰዱ፣ ከፈሉኝ ዋጋውን።

ሽንኩርት ስነቅል ወጣ፦ ላስቲክ፣ ቆርኪ፣ ሽቦ፣
አንዲት ብይ ደግሞ፣ ጭቃ ዙሪያዋን ከቦ።
ያንተ ናት አልልም፤ ስንት ልጅ ነው ደሴ
ብይ ጥሎ ያደገ።
ግን ያዝኳት በኪሴ።

ነገ በሐረጎ፣ በሚኒባስ ጣራ፣
አንድ ኩንታል ሽንኩርት ይወጣል ተራራ።
ስንት ነው አትበለኝ፤ የላክኸውን መለስኩ።
እርከኑን ግን ጠግን፤
ደለሉን ብወድም ጎርፉን መች ወደድኩ።
አፈርህ ያለቀ ለት
ቦርከና ይዞልኝ የሚመጣው ድንጋይ ነው፤
ድንጋይ ደግሞ፣ ሙሄ፣ ሽንኩርት አይዘሩበት።